ፀሐዬን ላስከብር ሄጄ

አዲሱ ደንብ በእኛ አምስት ኪሎ ሰፈር ውስጥ ቤት ላይ ቤት መደረብ ይቻላል ካለ ወዲህ፣ ጎረቤቴ እትዬ የሺ ፎቅ ጀመሩ። ለእኔ የታየኝ ጥላው ብቻ ነበር። የግቢዬን ፀሐይ ሊጋርዱብኝ ነው! እሑድ ጠዋት እየፎከርኩ ሄድኩ።

ለካ ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል፣ የሚሞላበት ቀን ኖሯል። በግ ታርዷል፤ ሠራተኛው አርማታ እየተቀባበለ ይዘፍናል። "እትዬ የሺ፣ ይኼ ነገር..." ከማለቴ ጥብስ የጠገበ ጉርሻ አፌ ውስጥ ገባ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? የመጣሁት ለመጣላት ነውና ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ሁለተኛውን ደገሙኝ፤ ሦስተኛውንም። አፍ ሞልቶ እንዴት ይጮኻል?

እንደምንም ዋጥኩና "ፀሐዬን..." ስል፣ ከጓዳ ድስት ይዛ የወጣች ሴት "አባዬ!" አለችኝ። ልጄ ናት! ካገባች ጀምሮ እዚህ ሰፈር ቤት አጥታ ከተማው ዳር የምትኖረው ልጄ።

"ላስደንቅህ ብዬ ነው የደበቅሁህ። ላይኛውን የምንከራየው እኛ ነን" አለች።

እትዬ የሺ አራተኛ ጉርሻ እየጠቀለሉ፣ "ስለ ፀሐይ ምን እያልክ ነበር?" አሉኝ።

"ኧረ ሰሞኑን በዛ ነው ያልኩት!"