ሔርሞን ምን ላይ ወደቀች

ወሬው የተበላሸው በእኔ ነው፤ አልክድም። ጎረቤቴ አጸደ አሳንሰር ውስጥ አገኘችኝና ዓይኗ ቀልቶ «ሔርሞንዬ ወደቀች» አለችኝ። በሩ ሲከፈት ወረደች። እኔ ደግሞ ነገር ሳጣራ የምውል ሰው አይደለሁም። ቤቴ እንደገባሁ ለሕንጻችን ሐበሾች የዋትሳፕ ግሩፕ «የአጸደ ልጅ ወድቃለች፣ ሄደን እንጠይቃት» ብዬ በድምፅ ላክሁ።

በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን ውስጥ፣ ሔርሞን ወደቀች ተብሎ ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ይቺ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሁላችንም አፍ ነች። ሐኪም ዘንድ የምታስተረጉምልን፣ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ የምታነብልን፣ አንድን ይጫኑ ሁለትን ይጫኑ ከሚለው ስልክ ጋር የምትጨቃጨቅልን እሷ ነች። እናቷ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ስትውል፣ ልጅቱ እኛን ይዛ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትዞር አደገች። እኛም ምርቃቱን አልነፈግናትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የአጸደ ሳሎን ሞላ። ብርቱካን መጣ፣ አጥሚት መጣ፣ እኔም የዶሮ ሾርባዬን ይዤ ሄድኩ። ታይል አንጣፊው ጋሽ ገረመው ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ጊዜ የተደገፉበትን ክራንች ተሸክመው ደረሱ። ሔርሞን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም እግሯ ደህና ነው። አጸደ መሳሳታችን ቢገባትም እውነቱን ለመናገር አፍራ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችባትና ኩሽና ገባች።

«ምን ላይ ነው የወደቅሽው ልጄ?» አሏት ጋሽ ገረመው፣ ቁርጭምጭሚቷን በዓይናቸው እየፈለጉ።

«ሒሳብ ላይ» አለች።

ጋሽ ገረመው ቁርጭምጭሚቷን መፈለግ ተዉ። እሷ ግን አንዴ ስለጀመረችው ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ ሁሉንም ነገረችን። ሃይስኩል እንደ ጓደኞቿ መጨረስ አልቻለችም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ እንደማትመረቅ ስታይ፣ እንደሷ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ፕሮግራም ውስጥ አስገባቻት። እዚያ ተምረው ከሃይስኩል ዲፕሎማ እኩል የሚቆጠር ወረቀት የሚያሰጥ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው አምስት ነው፤ አራቱን አልፋለች። ሒሳቡን ካላለፈች ወረቀቱ የለም፣ ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ የምትመኘው የነርስ ኮሌጅ የለም።

«አንድ ጊዜ ደግሜ መውሰድ እችላለሁ፣ ግን ኢትስ ኦኬ፤ ኢቶቢኮ ያለ ዌርሃውስ ዕቃ ለመጫን ሥራ አፕላይ አድርጌያለሁ» አለች። «ሒሳብ አይገባኝም።»

«እንዴት አይገባሽም? ጎበዝ አልነበርሽም እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣ ይቀድመኛል።

«ክላሱ ማክሰኞና ሐሙስ ነበር፣ እትዬ ጠይባ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ማክሰኞ የእኔ የስኳር ክሊኒክ ነው። ሐሙስ የጋሽ ገረመው የጉልበት ሕክምና ነበር። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የየራሱን ቀጠሮ ሲያሰላ ይታየኝ ነበር።

ያዳኑን ጋሽ ገረመው ናቸው። ክራንቹን ግድግዳ አስደገፉና ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው «ክፍልፋይ ነው የከበደሽ?» አሏት። «እሱም፣ ኤሪያም» አለች። «በይ ተነሺ፣ ይቺ ኩሽና ስንት ታይል እንደምትበላ ንገሪኝ።» በየማታው ከሥራ ሲመለሱ እየመጡ አስጠኗት። በሁለት ወር ውስጥ ያልተለካ ክፍል አልቀረም፤ የእኔን መታጠቢያ ቤት እንኳ ሁለቴ ለክተውታል። እኔ ሒሳብ ስለማላውቅ ስልኳን ያዝኩ። አስተርጉሚልን ብሎ የሚደውለውን ሁሉ «ገና አልተሻላትም» እያልኩ እመልሰዋለሁ።

የፈተናው ቀን ተቆርጦ መጣ፤ ማክሰኞ። እኔ ስምንት ወር የጠበቅሁት የዓይን ሐኪም ቀጠሮም ያው ማክሰኞ ሆነ። ሔርሞን ስትጠይቀኝ ተቀይሯል ብዬ ዋሸኋትና ለብቻዬ ሄድኩ። ሐኪሙ ብዙ አወራ። ለሁሉም ዬስ አልኩት፤ ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት በሬን አንኳኩታ «አለፍኩ» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ አቅፌያት አለቀስኩ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እልልታዬን ስለቀው አጸደ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች።

ልጅቱ ግን ቤቴ ገብታ ፍሪጄ ላይ የለጠፍኩትን የሐኪሙን ወረቀት እያነበበች ነበር።

«ያን ቀን ማን አስተረጎመልዎት?»

«እኔው ነኛ።»

«እትዬ ጠይባ፣ ለዓይን ኦፕራሲዮን ነው እኮ እሺ ያሉት። መስከረም ላይ፣ ሐሙስ ቀን ይላል። እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ኮሌጁ ሐሙስ ክላስ አለው?» አልኳት።

«ገና አላውቅም።»

«እንግዲያው ሳታውቂ እሺ አትበይኝ።»