ማሽን ሳይጠፋ

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ንጋት ላይ ታናሽ እህቴ በልብ ሕመም ሞተች። ማሽኗ ላይ አንድ እጅጌ ብቻ የተገጠመለት ኮት ቀርቷል። በቀብሯ ላይ የስፌት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ «ዝምተኛውን ሁሉ ታናግር ነበር» ብሎ አሞገሳት። በዚሁ ምክንያት ከኃላፊነቷ ያነሣት እሱ መሆኑን ግን ዋጠው። እኔ አልውጠውም።

የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። በድርጅቱ ደንብ የጠዋት ስብሰባ የሚደረገው ማሽኑ ሁሉ ጠፍቶ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚናገረው «ሬዲዮ» የሚባለው ጨርቅ ቆራጭ ብቻ ነበር። ካውያ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ከተቀጠረች ጀምሮ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አንድ ቀን እህቴ በሰው ሁሉ ፊት፣ «አንቺስ፣ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ሁሉም ዞሮ አፈጠጠባት። ልጅቷ አለቀሰች።

«ተዪያት እንጂ፤ ድምፅ አልፈጠረባትም!» አለ ሬዲዮ። ተሳቀ።

እህቴ ያን ቀን በራሷ ተናዳ ዋለች። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ማሽኑ ሲንጫጫ ልጅቷ ከጎኗ ካለችው ጋር ታወራለች። በማግስቱ ማሽን ሳታስጠፋ፣ እየዞረች ጆሮዋን ለእያንዳንዱ ሰጠች።

«እትዬ፣» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «ይሄ ካውያ ይነዝረኛል። ቆይቷል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

እህቴ ካውያውን ነቀለችው። የዕለቱ ትእዛዝ ሳይተኮስ አደረ። ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ መጣ።

«ይሄ ስብሰባ ነው ወይስ ሐሜት? ወይ እንደ ደንቡ ማሽን አጥፊ፣ ወይ ቦታውን ለሬዲዮ ልቀቂ!»

«ካጠፋሁት እሱ ብቻ ነው የሚያወራው።»

«ልጅቷን ያናገራት ኤሌክትሪክ ነው፣» አለ ሬዲዮ፤ «እኛንም ልታስነዝሪን ነው?»

«አንተን ምን አስቸገረህ? ሳትሰካም ትጮሃለህ።»

ማሽኑን አላጠፋችም። ቦታዋን ወሰዱባት። ካውያው ተቀየረ፤ ያመሰገናት የለም። በሕይወቷ የመጨረሻ ቀን፣ ሰኔ አሥራ አንድ፣ እንደ ማንኛዋም ሰፊ ያን ኮት ስትሰፋ ዋለች። ማታ ሬዲዮ ገና እሷ ጋ የነበረውን የክፍሉን ቁልፍ ሊቀበል በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። አልፋው ሄደች። ቁልፉን ለንብረት ክፍል አስረክባ፣ ፈርማ፣ ወደ ቤቷ ገባች።