የኦቦ ገመቹን ፓምፕ የጠበቀችው ቦርድ

የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ሥራ የጀመርኩት በጉራ ነው። አዳማ ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ዲኮደርና ሞተር ስጠግን ነው የጎለመስኩት። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እጄ የገባ ዕቃ ግን ሕመሙን ሳይነግረኝ አይወጣም።

አንድ ማክሰኞ ኦቦ ገመቹ፣ የመቂ ሽንኩርት ገበሬ፣ የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ይዘው መጡ። የጉድጓዳቸው ውሃ ቶሎ ያልቃል፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር ይቃጠላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

"ቅዳሜ ባቱ ላይ ልጄን እድራለሁ" አሉኝ። "ፓምፑን አጥፍቼ ብሄድ በዚህ ፀሐይ ችግኙ ያልቃል። ትቼው ብሄድ ሞተሩ ይቃጠላል። ራሱን የሚያጠፋ ነገር ትሠራልኛለህ?"

"ኦቦ፣ እንኳን ራሱን የሚያጠፋ፣ ሰርጉ ላይ የሚጨፍር እሠራልዎታለሁ።"

"የሚጨፍር ሞልቶናል። የሚያጠፋውን ሥራልኝ።"

ቦርድ ነክቼ አላውቅም ነበር። ፕሮግራም ሲጭኑባት ሌላውን ዕቃ የምታዝ፣ ከመዳፍ የምታንስ ነገር ናት። ገዛኋት፣ ቤት ባገኘሁት ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘኋት፣ ቀይ መብራቷ በራ። ፕሮግራም ልጭን ስል ላፕቶፑ ቦርዷን አላያትም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ሌላ ቦርድ ገዛሁ። እሷም በራች፣ እሷም አልታየችም። ሐሙስ ደረሰ።

ባለቤቴ አልማዝ ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ገመዱን አየችው።

"የቻርጀሬን ገመድ አንተ ነህ እንዴ የወሰድከው?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ አልሚ።"

"በሱ እኮ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር አይሄድም፣ ሞክሬዋለሁ። ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው።"

እኛ ጠጋኞች መብራት ከበራ ገመዱን አንጠረጥርም፤ ወደ ውስጥ እንገባለን። የኔ ገመድ ደግሞ የዳታ ሽቦ የለውም። ከጎረቤት ስልክ ቤት ሌላ አምጥቼ ሰካሁ፤ ላፕቶፑ ወዲያው አያት። መብራት የምታበራና የምታጠፋ አጭር ፕሮግራም ጫንኩባት። ብልጭ ድርግም አለች። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

"ምሳህ ቀዘቀዘ" አለችኝ አልሚ።

የቀረው የለመድኩት ሥራ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የውሃውን መጠን የሚያውቅ ተንሳፋፊ፣ ከሱ ወደ ቦርዷ፣ ከቦርዷ ወደምታዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌው የፓምፑን ኃይል ወደሚቆርጠው ኮንታክተር። ዓርብ ከጠገንኩት ሞተር ጋር መቂ ወስጄ ገጠምኩት።

ቅዳሜ ሰርጉ ላይ ኦቦ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስልካቸው ጮኸ፤ ከመቂ ጎረቤታቸው ነው፣ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

"ፓምፑ ቆሟል።"

ኦቦ ብድግ አሉ። "ሞተሩስ?"

"አልሞቀም። ውሃው ነው ያለቀው።"

አልተቀመጡም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተደወለ።

"ውሃው ተመለሰ፤ ፓምፑም ራሱ ተነሳ።"

ኦቦ ስልኩን ኪሳቸው ከተው እጄን ያዙኝ። "በል ና፣ የሚጨፍረውን ላሳይህ።"

ቦርድ ለምትጀምሩ፦ መብራቷ መብራቱ ኃይል መድረሱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። መጀመሪያ ዳታ የሚያሳልፍ ገመድ ያዙ።