ያልተሸጠው ማንጎ

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት ግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ነገር ማሳጠር አልችልበትምና ታገሱኝ።

እኔና ባለቤቴ ተሾመ የቡለን ልጆች ነን። እሱ ህዳሴ ግድብ ላይ ብየዳ ይሠራል፤ እኔ አሶሳ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው በኪራይ ነበር። አከራያችን መብራት አጥፉ፣ ውኃ አታባክኑ፣ እንግዳ አታብዙ ሲሉን ተሾመ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አይዞሽ፣ አንድ ቀን እኛም አከራይ ሆነን ሰው እንቆጣለን" ይለኝና ያስቀኛል። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት እንገዛለን፣ ጓሮው ላይ ሦስት ክፍል ሰርቪስ እንሠራለን፣ ለጊዜው እንኖርበታለን፤ ኋላ ሁሉንም አከራይተን አገራችን እንገባለን።

ደላላው ያገኘልን ቤት የአባ ሐሚድ ነበር። አባ ሐሚድ በብሔር በርታ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ። ጉልበታቸው ስለደከመ ገጠር ወንድማቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው የሚሸጡት። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ቆርቆሮውም ዝጓል። ግቢው ግን ልክ እንዳሰብነው ሰፊ ነው። ጓሮው ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ ቆሟል።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ልንፈራረም ስንል አባ ሐሚድ እጃቸውን አነሡ።

"ቤት ሸጥኩ። ግቢ ሸጥኩ። ማንጎ አልሸጥኩም።"

ደላላው ከት ብሎ ሳቀ። "አባ፣ ነቅለው በጆንያ ሊወስዱት ነው እንዴ?"

"ማንጎ የሐዋ ነው" አሉ ሳይቆጡ። "ሐዋ ሲወለድ ነው የተከልኩት።"

ሐዋ አንድ ሴት ልጃቸው ናት፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ካርቱም አግብታ ሄዳ፣ እዚያ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። "ቤት ይፈርሳል፣ በር ይቀየራል" አሉን። "ሐዋ ቢመጣ የሚያውቀው ይህን ማንጎ ነው።"

አብረዋቸው የመጡት የበርታ ሽማግሌዎች ምንም አልገረማቸውም። ቤቱ የአንዱ፣ ዛፉ የሌላው ሲሆን እነሱ አይተው ያውቃሉ። ተሾመ ግን ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ማንጎው የቆመው ሦስተኛው ክፍል የሚሠራበት ቦታ ላይ ነዋ!

"ይሁን" አልኩ።

አባ ሐሚድ፣ "ያ ቢንቲ፣ አላህ ይስጥሽ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሰርቪሱን ማሠራት ስንጀምር ግንበኛው፣ "ይቺን ብትቆርጧት ቤታችሁ ሦስት ይሆናል" እያለ አላስቀምጥ አለን። ተሾመም ልቡ ሸፈተ። "ውሉ ላይ እኮ አልተጻፈም።" "በአፋችን ብለናል" አልኩት። ሁለት ክፍል ብቻ ሠራን። ከዚያ በኋላ ከግድቡ በደወለ ቁጥር፣ "ለዛፍ በነፃ ያከራየሽው ክፍል እንዴት ነው?" ይለኛል። የሰርቪሱ ተከራዮች ደግሞ ማንጎው ቆርቆሮው ላይ ዷ ባለ ቁጥር በእኔ ይስቃሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ማንጎው ሲበስል አባ ሐሚድ መጡ። ከሥሩ ተቀመጡ። ሐዋ በልጅነቷ የዥዋዥዌዋ ገመድ ይታሰርበት የነበረ የብረት ቀለበት ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አለ፤ እንጨቱ ሲወፍር ግማሹን ውጦታል። ተነሥተው እሱን ሲዳብሱ ቆዩና ጠየቁኝ።

"ሐዋ መጣ?"

"ገና ነው አባ። ትመጣለች።"

"ኢንሻአላህ" ብለው፣ የለቀምኩላቸውን ይዘው ሄዱ። በዓመቱም እንዲሁ። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ።

ባለፈው ዓመት ማንጎው በሰለ፤ አባ ሐሚድ ግን የሉም። ደኅና ደኅናውን እየለየሁ ጠበቅኳቸው። መበላሸት ሲጀምር ወደ መንደራቸው ለሚሄድ ሾፌር በጆንያ ሰጠሁት። ሾፌሩ ጆንያውን እንዳለ መልሶ አመጣው።

"እትዬ፣ ሽማግሌው ሮመዳን ሳይወጣ አርፈዋል።"

ያን ቀን መኪናዬን ዘግቼ ዋልኩ። የልብስ ስፌቱን ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪናማ ከየት መጥቶ።

ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቧራ የጠጣች ሴት ናት፤ አንድ ልጅ አዝላ፣ አንዷን በእጇ ይዛ። ሰላምም አላለችኝ። ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ጓሮውን አየች። ከዚያ አልፋኝ ሄደች። አዲሱን ሰርቪስ ዞር ብላም አላየችው። ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ እጇን ዘርግታ ጣቷን ቀለበቱ ውስጥ ከተተች።

ስሟን አልጠየቅኳትም።

"አባቴ የታለ?" አለችኝ።

እኔ ወሬ የማልጠግበው ሴት፣ "ሮመዳን ላይ አርፈዋል" ብቻ አልኳት። አላለቀሰችም። መሬት ከወደቀው አንድ ማንጎ አነሣች፣ በልብሷ ጠረገችና ለትልቋ ልጅ ሰጠቻት። "ብዪ፣ የኛ ነው" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እዚህ ሲመጣ ምን ይል ነበር?"

"አንቺን ይጠይቀኝ ነበር። ሐዋ መጣ? ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ።"

ይኼኔ ግንዱን አቅፋ ጮኸች። ተከራዮቹ ሁሉ ወጡ። ማንም አላጽናናትም፤ አብረናት አለቀስን እንጂ። ማታ ለተሾመ ደውዬ ስነግረው፣ "እንኳን አልሰማሽኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በማንጎው አሹፎ አያውቅም።

በማግስቱ ሐዋ የአባቷን መቃብር ልታይ ሄደች። አሁን አጎቷ ዘንድ ናት፤ ማንጎዋን መጥታ ትለቅማለች። ሰው ሁሉ ቃልሽን ጠበቅሽ ይለኛል። መጠበቁንስ ጠበቅኩ። ግን ማንጎው በስሎ በሩ ሲንኳኳ፣ አሁንም ተነሥቼ የምሮጠው የማውቀውን ሽማግሌ ፍለጋ ነው። ሁለት ጊዜ "ገና ነው አባ" ብዬ የመለስኳቸውን ሰው፣ አንዴ እንኳ "መጥታለች አባ፣ ይግቡ" ሳልላቸው ቀረሁ።