አክተሩ ከሞተ በኋላ

የፊልሙ ሳጥን ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የሚመጣው በገበያው ዋዜማ ነበር። እኔ ያን ቀን መቀመጥ አልችልም። ወጥ ጥጄ እረሳለሁ፤ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራዬን እንዳዘልሁ ቆሜ የቡሬን መንገድ አያለሁ። አጎቴ «አንች ልጅ፣ አንች ስላፈጠጥሽበት አውቶቡሱ አይፈጥንም፤ ግቢ» ይለኛል። እሱ ራሱ እስከዚያ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገብቷል።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሲኒማ የምንለው የቀበሌውን አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን መፈክር፣ መሬቱ ላይ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አክስቴ ከአቡጀዴ የሰፋችው ሸራ። ማሽኑ የአጎቴ፣ አዳራሹ የቀበሌው። ፊልሙ ሁልጊዜ የህንድ ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ግን በአገራችን የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ከሸራው አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። መተርጎም ስል መገመት ማለቴ ነው። መጀመሪያ አጎቴ ነበር የሚተረጉመው። እሱ ደግሞ «አሁን ሰውየው ወደ ቤት ገባ» ይልና ዝም። መግባቱንማ ሁሉም አይቶታል! ለምን እንደ ገባ፣ ምን ቆርጦ እንደ ገባ፣ እናቱ ስታየው ልቧ ምን እንዳለ ነው እንጂ የሚነገረው። አንድ ቀን ጉንፋን ድምፁን ዘጋውና ሸራውን የሚያመለክትበትን ዘንግ ተቀብዬው ቆምሁ። ከዚያ ወዲያ አልመለስሁለትም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተማርሁት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ የቀረውን ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎ በሚመጣ ጋዜጣ ላይ ለቀምሁት። አባቴ ገበዝ ማርያም በምትባል አገር ገበሬ ነው። አጎቴ ዘንድ ሲያስቀምጠኝ አንድ ቃል ተናግሮ ነበር፦ «ሲኒማው እስካለ እርጂው። የተዘጋ ዕለት ግን ትመጫለሽ፤ የሚጠይቅሽ ሰው አለ።» ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ከብቱ ብዙ ነው ሲሉ ብቻ ሰምቻለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ አዳራሹን ለእህል መጋዘን ይፈልጉታል፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር አጎቴን «ጓድ፣ ሰው ካልሞላው ለወሬ የሚሆን ቤት የለንም» ይሉታል። አግዳሚው ሲሞላ እተነፍሳለሁ፤ አንዱ ጎኑ ክፍት ሆኖ ሳየው ደግሞ ያ ያላየሁት ሰውዬ መጥቶ የተቀመጠበት ይመስለኛል።

አግዳሚውን የሚሞላልን አንድ ሰው ነበር። አክተሩ ነው፤ በየፊልሙ የሚመጣው ያ ህንዳዊ። በከተማችን አክተር የሚባለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰዎች ናቸው። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ገበያተኞቹ ሴቶች «የኛው» ይሉታል። «ዛሬ የኛው አለበት?» ብለው ይጠይቁኛል። አለበት ካልሁ ቅሉንም ቅርጫቱንም ይዘው ይገባሉ። ጅጋ የሚቀመጡ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ የኛውን ለማየት ሲሉ ቅቤያቸውን በእኩለ ቀን ሸጠው ይጨርሱና ከፊተኛው አግዳሚ ይሰየማሉ። ዝም ብለው ግን አያዩም።

«ከኋላህ ነው! ዞር በል እንጅ አንተ ልጅ! ኧረ አይሰማም ይኸ!»

ከልጅቱ ጋር ዘፈኑ ሲረዝም ደግሞ፦ «አባት የላትም ይቺ ልጅ? በጠራራ ፀሐይ ከዛፍ ዛፍ ይዟት ሲዞር ሃይ የሚል ይጥፋ?»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ለሳቸው ብዬ የልጅቱን አባት አመጣለሁ፤ ፊልሙ ውስጥ ይኑር አይኑር ግድ አልነበረኝም። እኒህ ሴትዮ አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከቆመ ዓመት አልፎታል። አክተር አይሞትም፤ ይህን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ይደበደባል፣ ገደል ይገባል፣ ደም ይለብሳል፤ ግን ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ሴትዮዋ አግዳሚውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «አላልሁም?» ይላሉ።

አንድ ክረምት መንገዱ ተበላሽቶ አውቶቡሱ በዋዜማው ሳይመጣ ቀረ። ሳጥኑ የደረሰን የገበያው ዕለት፣ ሰው ከገባ በኋላ ነው። ሁልጊዜ አስቀድሜ ከአጎቴ ጋር አየዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳላይ ቆምሁ። ወደ መጨረሻው ላይ አክተሩን በጥይት መቱት። ወደቀ። እኔም ዘንጌን ከፍ አድርጌ «አትስጉ፣ አሁን ይነሳል!» አልሁ። አልተነሳም። «ትንሽ ታገሡ፣ እናቱ እስክትመጣ ነው!» አልሁ። እናቱ መጣች፤ ዓይኑን ከደነችው።

መጀመሪያ ያለቀሱት ቅቤ ነጋዴዋ ናቸው። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሠሩና ከፊተኛው አግዳሚ ፊት ቆመው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። በሙሾ ተቀባበሉት። አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ እያንዳንዷ በሟቿ ስም ለሱ አለቀሰች። አጎቴ መብራቱን አበራ፣ ማሽኑን አጠፋ፤ ለቅሶው ግን ጊዜውን ሳይጨርስ አልቆመም። ሲወጡ እንደ ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናሽ» ብለውኝ ወጡ። እኔም «አሜን» አልሁ፤ ምን ልበል?

በሁለተኛው ገበያ ሌላ ፊልም መጣ፤ የኛውም አለበት። ደስታው አላስቀመጠኝም። ይደሰታሉ ብዬ ሳልነግራቸው አስገባኋቸው። አክተሩ በፈረስ ሆኖ ሸራው ላይ ብቅ ሲል እልልታ ጠበቅሁ። ቅቤ ነጋዴዋ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይኸ ሰው ሞቶ አላለቀስሁለትም?»

«እማማ፣ ይኸ ሌላ ታሪክ ነው። ያኛው ጨዋታ ነው፤ በውነት አልሞተም» አልሁ።

«አልሞተም? ታዲያ በቁሙ ላለ ሰው ነው ያስለቀስሽኝ?»

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «አርባው ሳይወጣ ተነሳ!» ብሎ ሳቀ። ከሱ በቀር የሳቀ የለም። በአገራችን በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ለጠሩት ብቻ ሳይሆን ለራስ ቤትም ይተርፋል ይባላል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው «የኔ ልጅ በቁሙ ነው» አሉና ወጡ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ሁሉ ተከተሏቸው። ዘንጌን ይዤ ባዶ አግዳሚ አየሁ።

ወሬው ከእግረኛ ይፈጥናል። ጅጋ ገባ፣ ቡሬ ተሻገረ። ሲኒማ ቤቱ በቁሙ ላለ ሰው ያስለቅሳል ተባለ። አጎቴ አልገባውም፤ የአክተሩን ፎቶ ከባሕር ዳር በትልቁ አስመጥቶ በሩ ላይ ለጠፈው። ይባስ ብሎ ሴቶቹ ፎቶውን እያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ማሽኑን ጭኖ ቡሬ ድረስ ሄደ፤ እዚያም የመጡት ድብድብ ፈላጊ ጎረምሶች ብቻ ናቸው። ሊቀመንበሩ አዳራሹን በእርምጃቸው ሲለኩ አየኋቸው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሲነጋ ጅጋ ሄድሁ። ሴትዮዋን ቅቤያቸው ፊት አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ሳላይ ስለተናገርሁ ይቅር በሉኝ።»

«ለይቅርታው እግዜር አለ። ደግሞ ብመጣ ለመሆኑ ዋሴ ማነው?»

ከጎናቸው በርበሬ የምትሸጠው «አክተሩን ራሱን ትጥራላችሁ እንጅ!» አለች።

«አንች ዝም በይ፣ በርበሬሽን ስፈሪ» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ዋሱ ያንችው ምላስ ይሁን። በሩ ላይ ቆመሽ ይሞታል፣ አይሞትም ብለሽ ንገሪን። ሳታይ አትናገሪ፤ አይተሽ ደግሞ አትዋሺ።»

ተስማማን። ከዚያ ወዲያ በየገበያው በሩ ላይ ቆምሁ። «አይሞትም!» ስል ይገባሉ። አጎቴ «መጨረሻውን አስቀድሞ መናገር ምን የሚሉት ሲኒማ ነው?» እያለ ይናደዳል፤ ግን ግማሹ አዳራሽ ተመለሰልን። አክተሩ ሲወድቅ እንኳን ሴትዮዋ ዘና ብለው ሌሎቹን «ተዉት፣ ተነግሮናል፣ ይነሳል» ይሏቸዋል።

ከዚያ የፈራሁት ሳጥን መጣ። በዋዜማው ከአጎቴ ጋር አየነው፤ የኛው በመጨረሻው ላይ ሞተ። ቀይሮ ለማምጣት ጊዜ የለም። ሊቀመንበሩ ደግሞ «ነገ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ፤ ካልሞላ ሰኞ ጆንያ ይገባል» ብለዋል።

አጎቴ ማሽኑን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አይሞትም በይ። አንድ ቀን ነው። ከገቡ በኋላ ቢሞት መቼም አይገሉሽ።»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋስ?»

«አባትሽስ?» አለኝ።

በማግሥቱ በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች መጡ፤ ቅቤ ነጋዴዋ ከፊት። ሊቀመንበሩ ከውስጥ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸው ይታየኛል። አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ማጅራቴን ይመታኛል።

«ዛሬስ?» አሉኝ።

«ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ እማማ። ፈረስም አለ።»

«ፈረሱን አልጠየቅሁሽም። ይሞታል፣ አይሞትም?»

«መጨረሻው ላይ ነው። ትንሽ ሲቀረው።»

«ልጄ።»

«ይሞታል» አልሁ።

አጎቴ ሲዞር የጫማውን ኮቴ ሰማሁ። እኔ ግን አፌ አላረፈም፤ «ሊሞት ሲል እነግራችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ትወጣላችሁ፤ እስከዚያ ግቡ» ብዬ ለመንኋቸው። አንዷ እውነትም ልትገባ እግሯን አነሣች።

ቅቤ ነጋዴዋ «የሚሞትን ሰው ጥሎ መውጣትም አለ እንዴ?» አሏት። እግሯን መለሰች። እኔን ግንባሬን ሳሙኝና «ተባረኪ» ብለው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ከውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ጎረምሶችና ሊቀመንበሩ ናቸው። ያንኑ ፊልም ቆሜ ተረክሁት። ጎረምሶቹ ያፏጫሉ፤ አክተሩ ሲሞት አንዱ አዛጋ። ሊቀመንበሩ ሲወጡ ለአጎቴ እጃቸውን ሰጡት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰኞ ጆንያው ገባ።

ከሳምንት በኋላ አጎቴ ማሽኑን ለባሕር ዳር ሰው ሊሸጥ በጨርቅ ሲጠቀልል፣ ቀና ሳይል «ብትዋሺም የምናተርፈው አንድ ገበያ ነበር» አለኝ።

አባቴ በቅሎ ይዞ መጣ። ዕቃዬ ብዙ አልነበረም። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ስለ ሽማግሎቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰውየው ጨዋነት ነገረኝ። እኔ ከበቅሎዋ ቀድሜ ነው የምሄደው። «ቀስ በይ፣ ማንም አላባረረሽም» አለኝ። ፈጠንሁ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ለመሆኑ ያ ሰውዬ እንዴት ነው የሞተው?»

«የቱ ሰውዬ፣ አባዬ?»

«ያ አዳራሹን ያስዘጋው ነዋ።»

ዝም ልለው አስቤ ነበር። ግን የታሪኩ ጅማሬ አፌ ላይ ነበር። አክተሩ ከወንድሙ ጋር ከተለያዩበት ጀምሬ ነገርሁት። ወንዝ ተሻገርን፣ ሌላ ዳገት ወጣን። ጥይቱ ጋ ስደርስ አባቴ በቅሎዋን አቆማት።

«ከዚያስ?» አለኝ።

አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ሰሚ በመገኘቱ ተናደድሁ፤ ግን ነገርሁት።