የቅሬው ጥሩምባ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ላሊበላ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ስልክ ሲጠራ ክፉ ወሬ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ራሴው ባወራው ይሻላል።

ለወጣቶች ቲያትር የሚያስተምር አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቀጥሮኝ ከወልድያ ሄጄ ነበር። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ቲያትር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ድርሰቱን ግን ራሳቸው ጻፉት። ለሥራ አገር ጥሎ የሄደ ልጅ ይሞትና ለእናቱ መርዶ ይመጣል። "ሌላ ነገር ጠፋና ሞት?" ብላቸው "እኛ የምናውቀው ይህን ነው" አሉኝ።

እናቲቱን ሆና የምትጫወተው ትርንጎ ነበረች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ማልቀስ ግን እምቢ አላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች።

ለመርዶው ትዕይንት የሰፈሩን ቅሬ፣ ማለት የእድሩን፣ ጥሩምባ ልዋስ ብዬ ጋሽ ምስጋናው ዘንድ ሄድኩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ ለቀብር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። "ይህ ዕቃ ያለ ሬሳ አይነፋም" አሉኝ። "አይነፋም ጋሼ፣ እንዲያው በእጅ ይያዛል እንጂ" አልኳቸው። እያቅማሙ ሰጡኝ። "ሟርት ነው ልጄ፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትይ" አሉ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ሟርት የሚሉት ነገር ያናድደኝ ነበር።

የምንለማመደው ማኅበሩ ክፍል ውስጥ፣ ከትምህርት በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ቀን ጉሙ ገና አልተነሣም። ትርንጎ እንደ ልማዷ ደርቃ ቆመች። ንዴቴ መጣ። ጥሩምባውን ከጠረጴዛው አንሥቼ በመስኮቱ በኩል ነፋሁት። አነፋፉን አላውቅበትም፤ ድምፁ የታመመ በሬ ይመስል ነበር።

ትርንጎ መሬት ላይ ወደቀች። "ሲሳይ፣ ወንድሜ ሲሳይ" እያለች ደረቷን መታች።

በድርሰቱ ውስጥ ሲሳይ የሚባል ሰው የለም። ሲሳይ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሄደ የገዛ ወንድሟ ነው። መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ ወሬው ከጠፋ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ግን እንባዋን ሳይ ደስ አለኝና "በርቺ፣ እንዲሁ ቀጥዪ" አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህች ቃል ናት።

መጀመሪያ ጎረቤቶች መጡ። ቀጥሎ ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩት የትርንጎ እናት፣ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አልጮኹም። ልጃቸውን አዩ፤ ጥሩምባውን አዩ፤ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ንገሩኝ" አሉ።

"ቲያትር ነው እትዬ፤ ልምምድ ነው፤ ሲሳይ ምንም አልሆነም" አልኳቸው።

"የአባቱ ጊዜም እንዲህ ነው ያሉኝ። ትንሽ አሞት ነው ብለው ወልድያ ወሰዱኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል።"

እኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ደህና ነው፣ ምንም የለም፣ ተብሎ ተብሎ ነው የሚደረሰው። እኔ በማልኩ ቁጥር እሳቸው እርግጠኛ ሆኑ። ትርንጎ እግራቸው ላይ ወድቃ "እማዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የተጫወትኩት ነው" ብትል፣ "አንቺንም አስጠንተውሽ ነው" አሏት።

ቤታቸው ሰው ሞላ። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ መጣ። የነፍስ አባታቸው መጥተው ሞት የለም ቢሏቸው "አባቴ፣ እርስዎም ቀስ ብለው ሊያረዱኝ ነው" አሏቸው። እህል አልቀመሱም፤ እንባም አልወጣቸውም። በሦስተኛው ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ለሌላይቱ "መተማ የሄደው ልጅ ሞተ አሉ፤ ደብቀዋት ነው" ስትል ሰማሁ። አገሩን ያስወራሁት እኔ ሆኜ ሳለ እኔው ማመን ጀመርኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ትዝ አለኝ። እውነት ቢሆንስ ብዬ ማታ ለብቻዬ አለቀስኩ። ጋሽ ምስጋናው ጥሩምባቸውን ሊወስዱ መጥተው የነፋሁበትን አፉን በጋቢያቸው ጠርገው ሄዱ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ተለቀቀ። ከቀትር በኋላ እትዬ የሺ ቤት ተቀምጠን ሳለ ትርንጎ ስልኩን ይዛ እየሮጠች ገባች። ሲሳይ ነበር። እትዬ የሺ ግን ስልኩን አልቀበልም አሉ። "እናንተ ቲያትረኞች አይደላችሁ? የሰው ድምፅ ማስመሰል ያቅታችኋል?" አሉኝ።

በስንት ልመና ጆሯቸው ላይ ያዝንላቸው።

"ልጄ ከሆንክ ስትሄድ ምን ሰፋሁልህ?" አሉት።

"ከቀበቶዬ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል። ለትርንጎም እንዳትነግር ብለሽኝ ነበር።"

እትዬ የሺ ያን ጊዜ አለቀሱ። አምስት ቀን ያልወጣው እንባ ነው የወጣው። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ እኔም።

ትርኢቱን ከወር በኋላ ያለ ጥሩምባ አሳየን። ትርንጎን ይከለክሏታል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሲያልቅ እጄን ያዙኝ።

"ቂም አልያዝኩብሽም" አሉ። "ግን እንግዲህ እውነተኛው መርዶ ቢመጣ ቲያትር ነው እላለሁ እንጂ አላምንም። ያን ቀን መጥተሽ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። የሌላ ሰው ቃል አልሰማም።"

እሺ አልኳቸው።

አሁን ወልድያ ተመልሻለሁ። ሲሳይ ዛሬም መተማ ነው። በሟርት አምናለሁ አልልም፤ ግን ያን አደራ ከተሸከምኩ ወዲህ ማለዳ ጠላቴ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የትርንጎ ቁጥር ነው። ለካ አዲስ ድርሰት ጽፋ ልታነብልኝ ኖሯል። እኔ ግን እንደምን አደርሽ ሳልል "ሲሳይ ደህና ነው?" አልኳት።



"ምነው፣ ምን ሰማሽ?" አለችኝ።

ምንም አልሰማሁም ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም።