ከሻይ ሳጥናችን ላይ የሰቀልኩት ካርድ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ከአክስቴ ጋር ሻይ እንሸጥ ነበር። እሷ ታፈላለች፣ ሻይ ከሚጠጡት የጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ትቀልዳለች፤ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ሰው ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ትምህርቴ መተማ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ዐረብኛውንም በጆሮዬ ለመድኩት እንጂ ማንበብ አልችልም።

አንድ ጠዋት ነጭ ጋዋን የለበሱ ሦስት ሰዎች መጡ። አማርኛ የሚችለው አስረዳን፤ ኤች አይ ቪ በዚህ አገር እንዴት እንደሚስፋፋ እየተጠና ነው፣ ስም አይጻፍም፣ ትንሽ ደም ብቻ ነው የምንፈልገው አለ። በሻይ ሻጮቹ ረድፍ የነበርነውን ሐበሾች ሁሉ ደም ቀዱን። ሾፌሮቹ አጠገባችን እግራቸውን አነባብረው ያዩናል። ከፖርት ሱዳን እስከ ድንበሩ ገላባት የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፤ እኛ ከበርጩማችን የት እንሄዳለን?

ደግመው እንዳይቀዱን ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጡን። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሻይ ሻጭ የጤና ካርዷን ከሳጥኗ ፊት ካልሰቀለች የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ማንቆርቆሪያዋን ጭነው ይሄዳሉ። የአክስቴ ካርድ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። አሁን በተሰጣት በዐረብኛ በተጻፈው ካርድ ላይ ማኅተም ሳይ ደስ አለኝ፤ «አክስቴ፣ አዲስ የጤና ካርድ ነው፣ ልስቀለው» ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኩት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛችን፣ ሾፌር ነው፣ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ በሽታሽን እንደ ሱቅ ታፔላ ሰቀልሽው?»

ጓደኞቹ ሳቁ።

«የምን በሽታ?» አለች አክስቴ።

«የኤድስ ጥናት ይላል። ቁጥርም ሰጥተውሻል።»

«ደም ሰጠሁ እንጂ ታመምኩ አልተባልኩ! አንተስ ተመርምረሃል?»

«እኔ ወንድ ነኝ፣ ምን አገባኝ!» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ካርዱን ወዲያው ብበጥሰውም ወሬው ቀድሞኛል። በሳምንቱ ከእኛ ዘንድ የሚቀመጥ ጠፋ። አክስቴ «ውጤቴን ይስጡኝ፣ ፊታቸው ላይ ላስነብብ» እያለች ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ያገኘነው ያንኑ አማርኛ የሚችለውን ሰውዬ ነበር።

«ውጤቷን ስጧት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ስም የለውም እኮ፣ እህቴ። ደሙ ካርቱም ሄዷል፤ ለጥናት ነው።»

«እንግዲያው እንደገና መርምረኝ» አለች አክስቴ።

«እዚህ መመርመሪያ የለንም።»

«ሾፌሮቹንስ ለምን አልቀዳችኋቸውም?» አልኩት።

«የሚጠኑት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የሉም።»

ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት። አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በሽታው እንዴት እንደሚጓዝ ሊያውቁ መጥተው፣ የሚጓዘውን ሰው ትተው የተቀመጠችውን ወጉ። በእኛ ደም ጥናታቸውን ሠሩ፤ ለእኛ የተረፈን ስድብ ነው።

በክረምቱ አክስቴ ገበያውን ትታ ለሰሊጥ አራሚዎች ልታበስል ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ወረደች። በጭነት መኪናው የሚወስዳት ያ የሰደባት ሾፌር ነበር። ከኋላ፣ የማሽላ ጆንያው ላይ ውጪ አላት። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ በዕድሜ ከእኔ የማትበልጥ ሐበሻ ልጅ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች።

«እሱንም አስመርምሪው!» ብዬ ወደ ልጅቷ ጮኽኩ። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ግራ ገብቷት እሱን አየችው። እሱ ሳቀ፣ መስታወቱን ዘጋ፣ መኪናውን አስነሣ።